ፊት ከማመሳሰላችን በፊት ቀኑን እንይ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ኮልድ ኬዝ፣ ለዓመታት ሳይፈቱ ስለቆዩ የግድያ መዝገቦች ማለት ነው፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፣ አጻጻፉ ይጥማል፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኝ ነው ይቺን የምጽፈው። ጽሑፉ ላይ የፖሊስ ስኬች፣ ምስክር በቃሉ እየነገረ የሚሳለው የተጠርጣሪ ፊት፣ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ገዳዩን ጎትቶ የሚያመጣ ነገር ተደርጎ ነው የቀረበው፣ ከጎኑም አንድ ሥዕል ለጥፋችኋል፣ መቼ እንደተሳለ የለም፣ ማን አይቶ እንዳሳለው የለም፣ ዝም ብሎ ፊት። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ማታ ማታ ሴኪዩሪቲ እሠራለሁ፣ ሌሊቱን የሚያስመሽልኝ የወንጀል ፖድካስት ነው፣ ባለሙያ አይደለሁም ግን በጆሮዬ ብዙ ገብቷል። ከሰማሁትና ካነበብኩት ውስጥ የቆየ መዝገብ በሥዕል ሲፈታ ያየሁት በጣም ጥቂት ነው፣ ሥዕል መዝገቡን ሲያወሳስብ ያየሁት ግን ብዙ ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ዴልፋይን እንውሰድ። ኢንዲያና ውስጥ ያለች 3 ሺህ ሰው ገደማ የሚኖርባት ከተማ ናት፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያውቅባት አይነት። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2017 ሁለት ታዳጊ ልጆች ሞኖን ሃይ ብሪጅ የሚባለው አሮጌ የባቡር ድልድይ ጋ ሊንሸራሸሩ ወጥተው በማግስቱ ተገድለው ተገኙ። አንደኛዋ ከኋላቸው የሚመጣውን ሰውዬ በስልኳ ቀርጻዋለች፣ እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች፣ ግን ምስሉ የራቀና የደበዘዘ ነው፣ ፊቱ አይለይም። ስለዚህ ፖሊስ በጁላይ ወር ምስክሮችን አነጋግሮ አንድ ስኬች አወጣ፣ ኮፍያ ያደረገ ጢም ያለው ጎልማሳ። ሕዝቡ ያንን ፊት ይዞ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ኤፕሪል 2019 ላይ ፖሊስ ጋዜጠኛ ሰብስቦ ሌላ ስኬች ይዞ ብቅ አለ፣ ይሄኛው ደግሞ ጢም የሌለው ወጣት፣ ዋናው አሁን ይሄ ነው ተባለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው አንድ ሰው ናቸው ብሎ አይምልም። ከዛ በኋላ ኢንተርኔት ላይ የተደረገውን ብታዩ ጉድ ነው፣ ሰዉ የጎረቤቱን፣ የቀድሞ ባሏን፣ የማያውቀውን ሰው ፎቶ ከሥዕሉ ጎን እየለጠፈ "እዩ ቅንድቡን እዩ አገጩን" ሲል ከረመ፣ ምንም ያላደረጉ ሰዎች ስማቸው ተብጠለጠለ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ሪቻርድ አለን የሚባለው ሰውዬ ግድያው በተፈጸመ በቀናት ውስጥ ራሱ መጥቶ ለአንድ የመንግሥት ኦፊሰር "ያን ቀን እኔም መንገዱ ላይ ነበርኩ" ብሎ ተናግሯል። በራሱ አፍ! የተናገረው ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ ወረቀቱ ግን ስሙ በስህተት ተመዝግቦ፣ ጉዳዩ ያለቀ ተብሎ ሌላ ወረቀት ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ሴፕቴምበር 2022 ላይ፣ ፋይሎቹን በበጎ ፈቃድ የምታስተካክል አንዲት ሴትዮ አገኘችው። ኦክቶበር ላይ ሰውዬው ተያዘ፣ የ50 ዓመት ሰው ነው፣ ያን ሁሉ ዓመት እዛችው ከተማ ሲቪኤስ ፋርማሲ ሲሠራ ነበር፣ ሥዕሉ ከተማውን አጥለቅልቆት እያለ ሕዝቡ መድኃኒቱን የሚገዛው እሱ ከሚሠራበት ቤት ነው ማለት ነው። ኖቬምበር 2024 ጥፋተኛ ተባለ፣ ዲሴምበር ላይ 130 ዓመት ተፈረደበት፣ ይግባኝ ብሏል። ፍርድ ቤት ላይ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ስኬቾቹ ለጁሪው እንዳይቀርቡ ጠየቀ፣ ዳኛዋም ተቀበሉት። ለሕዝቡ "ይሄን ሰው ፈልጉ" ተብሎ የተሰጠው ፊት ፍርድ ቤት በር ሲደርስ አያስፈልግም ተባለ። እናንተ ግን ጽሑፋችሁ ውስጥ ስለ ወረቀት አያያዝ አንድ መስመር የላችሁም፣ ስለ ሥዕል ግን ግማሽ ገጽ!

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና የእናታችሁን ጆሮ ለሠዓሊ ንገሩት። ምኑ ሰፊ ነው፣ ጫፉ እንዴት ነው፣ ከአንገቷ ምን ያህል ይርቃል? እናታችሁን ነው ያልኩት፣ ማታ መንገድ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያያችሁትን ባዕድ ሰው አይደለም። ሰው ፊትን የሚይዘው ባንዴ ነው፣ ሲያየው "እሱ ነው" ይላል፣ አፍንጫውን ለብቻ አገጩን ለብቻ ንገረኝ ሲሉት ግን ይጠፋበታል፣ ስኬች ደግሞ የሚጠይቀው በትክክል ይሄንኑ ነው። በእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይሄን ፈትነውታል፣ አንድ ሰው የማያውቀውን ፊት ያይና ሁለት ቀን ቆይቶ በፖሊስ ዘዴ ያሠራዋል፣ ከዛ ውጤቱ ሰውዬውን በደንብ ለሚያውቁ ሰዎች ይታያል። በእጅ የተሳለው በኮምፒውተር ከተገጣጠመው ተሽሎ እንኳን ከአሥር አንዴ የማይሞላ ጊዜ ነው ስሙን በትክክል የጠሩት። ሁለት ቀን ነው እንግዲህ፣ 20 ዓመት አይደለም። ሌሎች አሜሪካኖች ደግሞ ፊቱን እየገጣጠሙ ያሠሩ ምስክሮች በኋላ እውነተኛውን ሰው ፖሊስ ከሚያሰልፋቸው ሰዎች መሃል የመለየት አቅማቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል፣ ሥዕሉ ራሱ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ዋናውን ያደበዝዘዋል። በዛ ላይ ሰው የራሱን ዘር ፊት ነው በደንብ የሚለየው፣ የሌላውን ሲሆን ስህተቱ ይጨምራል፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ ለእኛ ለጥቁሮች ደግሞ ጨዋታ አይደለም።

ሠዓሊዎቹን ማሳነሴ አይደለም፣ እንዲያውም። ሂውስተን ፖሊስ ውስጥ ከ1982 ጀምራ የሠራችው ሎይስ ጊብሰን በጊነስ መዝገብ የገባች ናት፣ ሥዕሎቿ ከ700 በላይ ወንጀለኞችን ለመለየት እንደረዱ ተመዝግቦላታል፣ እሷም ራሷ በወጣትነቷ ጥቃት የደረሰባት ሰው ናት። ጥሩ ሠዓሊ እየመራ አይጠይቅም፣ "አፍንጫው ሰፊ ነበር አይደል?" አይልም፣ ምስክሩ ቀኑን ከጠዋቱ ጀምሮ በራሱ ቃል እንዲተርክ ይተወዋል፣ ሰዓታት ይፈጃል። ግን የዚህ ዓይነት ሠዓሊ ሥራው የሚያምረው ትዝታው ትኩስ እያለ ነው፣ ሰዉም ሥዕሉን አይቶ በዚያው ሳምንት ስልክ ሲያነሳ ነው። ስኬች መረብ ነው፣ ጥቆማ ለመያዝ የሚጣል መረብ፣ ገብቶበት የተገኘ ሁሉ ግን ዓሣ አይደለም።

ትኩስ ሆኖም እንኳን እንዴት እንደሚያሳስት ኦክላሆማ ሲቲን ማየት ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1995 ፌደራል ሕንፃው ፈንድቶ 168 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ ፍርስራሽ ውስጥ ባገኙት፣ ቦምቡን የጫነው የኪራይ መኪና አክስል ላይ በተጻፈው ቁጥር ተነሥተው ካንሳስ፣ ጃንክሽን ሲቲ ያለ መኪናው የተከራየበት ጋራዥ ደረሱ፣ የጋራዡ ሰዎች ያዩትን ተናገሩ፣ ሁለት ፊት ተሳለ። አንደኛው ፊት እዛው ከተማ ያለ ሞቴል ሲወሰድ ባለቤትዋ "ይሄማ እኛ ጋ ያደረ ነው" አለች፣ በትክክለኛ ስሙ ነበር የተመዘገበው፣ ቲሞቲ መክቬይ፣ በዛ ሰዓት ደግሞ የሚነዳው የራሱ መኪና ታርጋ የለውም ተብሎ መንገድ ላይ ተይዞ ሌላ ከተማ እስር ቤት ተቀምጧል። ስኬች እንዲህ ሲሠራ ደስ ይላል፣ ቁጥሩ ጋራዡን ሰጠ፣ ሥዕሉ ስሙን ሰጠ። ሁለተኛው ፊት ግን? ያው ጋራዥ፣ ያው ሰዎች፣ ያው ቀን። ዓለም ሁሉ "ጆን ዶ ቁጥር 2" እያለ ፈለገው፣ ጆን ዶ ስሙ ያልታወቀ ወንድ የሚጠራበት ነው፣ በኋላ ኤፍቢአይ የደረሰበት መደምደሚያ ፊቱ በማግስቱ ለራሱ ጉዳይ ጋራዡ የመጣ፣ ከነገሩ ምንም የሌለበት አንድ ወታደር ነው የሚል ነው። ሠዓሊው በደንብ ነው የሳለው፣ ምስክሩ ያየውን ነው የተናገረው፣ ቀኑ ብቻ ተምታታ። እስከ ዛሬ ሁለተኛው ሰው ተደብቋል ብለው የሚከራከሩ አሉ።

ሜሪላንድ እየኖርኩ የኪርክ ብለድስወርዝን ነገር ሳላነሳ ብቀር ደግሞ ይቆጨኛል። 1984 ላይ ባልቲሞር ካውንቲ ውስጥ የ9 ዓመት ሕፃን ተገደለች። ሰውየውን ያዩት ኩሬ ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ ሁለት ትንንሽ ልጆች ናቸው፣ ከነሱ ቃል ስኬች ተሠርቶ በቴሌቪዥን ወጣ፣ አንድ ሰው ደውሎ "ይሄ ጎረቤታችን ኪርክን ይመስላል" አለ። አለቀ። ልጆቹ ያሉት ቁመቱ 6 ጫማ ከ5 ኢንች የሚሆን ቀጭን ፀጉረ ቢጫ ሰው ነው፣ ብለድስወርዝ ደግሞ ከዛ አጠር ያለ ወፈር ያለ ፀጉረ ቀይ ሰው፣ የ23 ዓመት ልጅ፣ የቀድሞ የማሪን ወታደር። ግን ስኬቹ በቴሌቪዥን ከወጣ በኋላ የእሱም ፊት በቴሌቪዥን ወጣ፣ አምስት ምስክር ፍርድ ቤት ቆሞ አየነው አለ፣ ሞት ተፈረደበት። ሁለተኛ ችሎት ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ ለወጠው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስሮ 1993 ላይ በዲኤንኤ ነፃ ወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ሞት ተፈርዶበት በዲኤንኤ ነፃ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ይሄ አልበቃ ብሎ 2003 ላይ ዲኤንኤው ወደ መዝገብ ሲገባ እውነተኛው ገዳይ ተገኘ። ሰውዬው በሌላ ወንጀል እዛው እስር ቤት ነበር፣ ብለድስወርዝ ከሚተኛበት በታች ባለው ክፍል! ብለድስወርዝ የእስር ቤቱ ላይብረሪ ውስጥ ሲሠራ መጽሐፍ ያውሰው ነበር፣ አብረው ብረት አንሥተዋል። ቁመቱ ደግሞ 6 ጫማ እንኳን አይደርስም፣ አጭር ሰው ነው። ፊቱን ሳስበው ሳስበው የሚገርመኝ፣ በዛ ሥዕል ምክንያት ታስሮ የኖረው ሰው ገዳዩን በየቀኑ እያየው ሥዕሉን አላስታወሰውም፣ ማንም አላስታወሰውም። በሜሪላንድ የሞት ቅጣት 2013 ሲነሳ ከታገሉት አንዱ ይሄው ብለድስወርዝ ነው።

ጎልደን ስቴት ኪለር የሚባለውንም በጽሑፋችሁ ጠቅሳችሁታል፣ ግን ግማሹን ነው የጠቀሳችሁት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ70ዎቹ አጋማሽ እስከ 1986 ድረስ 13 ሰው ገድሎ ሃምሳ ያህል ሴቶችን የደፈረ ሰው ነው፣ ሥዕሎቹ አንድ ሁለት አይደሉም፣ ብዙ ናቸው፣ እርስ በርሳቸው እንኳን አይመሳሰሉም። ኤፍቢአይ 2016 ላይ ሥዕሎቹን እንደገና አውጥቶ 50 ሺህ ዶላር ሽልማት አስታወቀ። የተያዘው ግን ኤፕሪል 2018 ላይ ነው፣ የድሮ ዲኤንኤ ናሙና ጌድማች የሚባል የዘር ሐረግ መፈለጊያ ላይ ተጭኖ ከሩቅ ዘመዶቹ ተነሥተው ነው የደረሱበት። ጆሴፍ ዲአንጀሎ፣ የ72 ዓመት ሽማግሌ፣ የቀድሞ ፖሊስ። ሥዕሉ ላይ ያለው የ20ዎቹ ልጅ የት፣ ጓሮው ውስጥ ያለው ሽማግሌ የት።

አንድ ነገር ግን ለይቼ ማየት አለብኝ። የማይታወቅ አስከሬን ሲገኝ የሚሳለው ፊት ሌላ ነገር ነው፣ እሱን እደግፋለሁ። እዛ ላይ ሠዓሊው የሚሠራው ከሰው ትዝታ ሳይሆን ከራሱ ከሟቹ ነው፣ ሥዕሉን የሚያየው ደግሞ እናት ናት አያት ናት፣ ፊቱን በፍቅር የምታውቅ ሰው። 2007 ላይ ጋልቨስተን ባሕር ዳር የአንዲት ሕፃን አስከሬን ተገኝቶ ጊብሰን ሳለቻት፣ ኦሃዮ ያለች አያቷ ሥዕሉን አይታ የልጅ ልጄ ናት አለች፣ ነበረችም። የተጠርጣሪ ሥዕል ግን የሚበተነው እንግዳ ሰው ያየውን ፊት ለማያውቁት ሚሊዮን ሰዎች ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ የጻፍኩትም በዚህ ነው። ካናዳ ኤድመንተን ከተማ በማርች 2019 አንዲት ሴት ክፉኛ ተደፍራ በዛ ብርድ ራቁቷን ሊባል በሚችል ሁኔታ ተጥላ ተገኘች፣ አሰቃቂ ነው፣ ወንጀለኛው ይያዝ ያላለ የለም። ፍንጭ ሲጠፋ ፖሊስ ኦክቶበር 2022 ላይ አንድ ምስል አወጣ። ይሄ ምስል ደግሞ ማንም አይቶት የተሳለ አይደለም፣ እዚህ እኛ አጠገብ ሬስተን ቨርጂኒያ ያለ ፓራቦን የሚባል ካምፓኒ ከዲኤንኤው ላይ በኮምፒውተር የገመተው ፊት ነው። ዲኤንኤ የዘር አመጣጥን፣ የቆዳና የዓይን ቀለምን በግምት ሊናገር ይችላል፣ ዕድሜን ግን አይናገርም፣ ውፍረት አይናገርም፣ ጠባሳ አይናገርም፣ ፀጉሩ እንዴት እንደተቆረጠ አይናገርም፣ ስለዚህ ካምፓኒው ሁሉንም ሰው የ25 ዓመት ልጅ አድርጎ መካከለኛ ኪሎ ሰጥቶ ነው የሚሠራው። ውጤቱ ምን ሆነ? ዘሩ ምሥራቅ አፍሪካ የሆነ አንድ ጥቁር ወጣት። በቃ። ኤድመንተን ውስጥ ስንት ኢትዮጵያዊ ስንት ኤርትራዊ ስንት ሶማሌ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ሥዕሉ የማንንም ፊት ሳይሆን የሁላችንንም ልጅ ነበር የሚመስለው።

የቤተሰብ ዋትሳፕ ግሩፓችን ውስጥ እዛ ያለ ዘመድ ላከልን። ሀበሻ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰውን ከሰው ሳያመሳስል ቡና አይጠጣም፣ አንዱ "የጋሽ እንትና ልጅን አይመስልም?" አለ ሲስቅ፣ ሌላዋ "ኧረ ግንባሩ የኛው ነው" አለች፣ ሌላው ድሮ አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ስም ጠራ። የሳቅ ስቲከር በስቲከር ሆነ። አንዲት አክስት ብቻ ናት "ተዉ እንጂ፣ ይሄን ፈረንጅ ሲያየው እንደናንተ አይስቅም፣ ልጄ በባስ ነው ከሥራ የሚመለሰው" ያለችው፣ ከዛ ማንም አልጻፈም። ፖሊሱ ትችቱ ሲበዛበት በሁለት ቀን ውስጥ ምስሉን ከገጹ አንሥቶ ይቅርታ ጠይቋል፣ ይሄን አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ፖሊስ ብዙ አይገኝም። ግን ሁለት ቀን በኢንተርኔት ብዙ ነው፣ ምስሉ አሁንም ሰርች ቢደረግ ይወጣል።

ደግሞ "ታዲያ ወንጀለኛው ይለቀቅ ወይ" የሚለኝ አይጠፋም። አይለቀቅ! እኔ ሴት ልጆች አሉኝ። እኔ የምለው ያው ዲኤንኤ ፊት ከሚገመትበት ይልቅ ዲአንጀሎን እንዳስያዘው የዘር ሐረግ ቢፈለግበት የሚሻል ነው፣ የሚያመጣው ስም ነው፣ ስሙ ደግሞ በናሙና ይረጋገጣል፣ ወይ ነው ወይ አይደለም። በፊት ግምት ግን ማንም "አይደለሁም" ብሎ ማረጋገጥ አይችልም፣ ምክንያቱም የሚመስል ሁሉ ይመስላል። የዘር ሐረጉም የራሱ ጣጣ አለው፣ ያልተጠየቁ ዘመዶች መረጃ ይነካል፣ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የተጠርጣሪ ሥዕል ስታወጡ ከሥሩ መቼ እንደተሳለ ጻፉ፣ ወንጀሉ ከተፈጸመ ስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ጻፉ፣ ምስክር አይቶት ነው ወይስ ኮምፒውተር ገምቶት ነው የሚለውን ጻፉ፣ ፖሊስ ሥዕሉን ቀይሮት ወይም አንሥቶት ከሆነ እሱንም ጻፉ፣ ተጠርጣሪው ከተያዘና ከተፈረደበት በኋላ ደግሞ ሥዕሉ እሱን ይመስል እንደነበር ወይም እንዳልነበር መለስ ብላችሁ ንገሩን፣ ይሄን የሚያደርግ ጋዜጣ እስካሁን አላየሁም። ሁለት መስመር ናት፣ ቦታ አትፈጅም። ፌስቡክ ገጻችሁ ላይ ሼር ስታደርጉት ደግሞ ኮሜንት ውስጥ የሰው ስም የሚጠራውን አጥፉት፣ ባለፈው ጽሑፋችሁ ሥር ሦስት ሰው በሙሉ ስሙ ተጠርቶ አይቻለሁ፣ አንደኛው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ነው፣ እስከ ትናንት ማታ አልተነሣም።

አንባቢዎቻችሁም የሆነ ነገር ካዩ፣ ያን ቀን ያን ሰዓት የት እንደነበሩ፣ ምን መኪና እንዳዩ፣ ማን ምን እንዳላቸው ለፖሊስ ይንገሩ፣ የነገሩበትን ቀንና የተቀበላቸውን ሰው ስም ደግሞ ራሳቸው ጋ ጽፈው ያስቀምጡ፣ ከወር በኋላም ደውለው "ያልኩት ነገር የት ደረሰ" ይበሉ። ዴልፋይ ላይ የጠፋው ፊት ሳይሆን ወረቀት ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ